መንገሥና መግዛት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ፣ ሌሎች በጻፉት አዋጅ፣ ሥልጣናቸው የተገደበ የአገር ራስ ተብለዋል። ሁለቱንም ጊዜ ዙፋኑ ላይ አልተቀመጡም። እኒህ ሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ናቸው። የመጀመሪያው አዋጅ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተነገረ። ብዙዎቻችን አንዱን ከታኅሣሡ ግርግር ወሬ ጋር፣ ሌላውን ከደርግ አመጣጥ ጋር ለየብቻ ሰምተናቸዋል። ሁለቱ ግን የአንድ ረጅም ጥያቄ ምዕራፎች ናቸው። የአገር ክብር የሚያርፍበት ሰውና አገር የሚያስተዳድረው ሰው አንድ መሆን አለባቸው ወይ? እንግሊዝ፣ ስዊድንና ጃፓን በየራሳቸው ጊዜና መንገድ ሁለቱን ለያይተዋል፤ ንጉሡ ይነግሣል፣ የሚገዛው ግን ምክር ቤቱ ያመነበት ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። እኛም ያንኑ መለያየት ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረነዋል። ሙከራው የት የት ላይ እንደ ተሰበረ በቅደም ተከተል ማየት ይገባል።

1909–1922፦ አንድ ዙፋን፣ ሁለት ሰው

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። አቡነ ማቴዎስና መኳንንቱ የተስማሙበት መፍትሔ ያኔ ሁሉንም ወገን ያረጋጋ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ይሆናሉ፤ የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ይሆናሉ። ዘውዲቱ በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ። ስማቸው በቅዳሴ ይጠራል፣ አዋጅ በስማቸው ይነገራል። የውጭ ጉዳዩ፣ ሹመቱና የዕለት ተዕለቱ አስተዳደር ግን እየዋለ እያደረ ወደ ተፈሪ እጅ ገባ።

ይህን ዘመን የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የዘመናዊነትና የወግ አጥባቂነት ፍልሚያ አድርገው ያቀርቡታል። ያም አለበት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ክፍፍሉ የተሠራው በሰዎች መካከል እንጂ በሥልጣን መካከል አለመሆኑ ነው። ንግሥቲቱ እስከምን ድረስ ያዛሉ? እንደራሴው ንግሥቲቱን ሳይጠይቁ ምን መወሰን ይችላሉ? ይህን ለይቶ የሚናገር የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ሚዛኑን የያዙት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። አቡነ ማቴዎስም በበኩላቸው ያከበዱት ነበር። ሁለቱም በ1919 በአንድ ወር ውስጥ አረፉ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን የሚይዝ ሰው አልተገኘም፤ በሰው ፋንታ የሚይዘው ሕግም አልነበረም። መስከረም 27 ቀን 1921 ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በአንድ አገር፣ በአንድ ከተማ ንግሥተ ነገሥታትም ንጉሥም ሆነ ማለት ነው።

ፍጻሜው በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ተሸንፈው ወደቁ፤ መጋቢት 24 ቀን ንግሥቲቱ ራሳቸው አረፉ። ክብሩና ሥልጣኑ እንደገና በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

1923–1928፦ ከጃፓን የተቀዳ ቃል

ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ ቀደም ብለው «ፋቡላ»ን ጽፈው የአማርኛን ቴአትር የጀመሩ ሰው ናቸው። በፊርማው ቀን መኳንንቱ በተሰበሰቡበት የሕገ መንግሥቱን ትርጉም ያብራሩትም እርሳቸው ነበሩ።

አብነቱ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ያን ጊዜ የኛ ምሁራን ዓይን ወደ ጃፓን ያየ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት ገደማ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 አሳተሙ። ሕገ መንግሥቱ 55 አንቀጾች ነበሩት። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ደነገገ። ዘውዱ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ አጠረ። ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ይህ ሕግ ንጉሡን አልገደበም የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። የጃፓኑም ሕግ ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱን በጽሑፍ ብዙም አልገደበም። ሕጉ ራሱ የተሰጠው ከንጉሡ እንጂ ከሕዝቡ አልነበረም። ሆኖም ሥልጣን በወረቀት ላይ ሲሰፍር ከወረቀት ላይ ሊጠየቅም ይጀምራል። «ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል» የሚለው ሐሳብ ብቻውን አንድ ቀን ዕዳ ሆኖ የሚመጣ ቃል ነበር።

የጣሊያን ወረራ ግን በ1928 ሁሉንም አቋረጠው።

1944–1955፦ ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ በአሥመራ

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በእርግጥ የተሠራበት ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ በአሥመራ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1943 ዓ.ም. ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። የድርጅቱ ኮሚሽነር ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ ባሉበት የኤርትራ ሕገ መንግሥት ተረቀቀ፤ 68 አባላት ያሉት ጉባኤ በሐምሌ 1944 አጸደቀው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ ተቀበሉት። ዘውዱ በዚያ ሕግ ውስጥ የነበረውን ቦታ ተመልከቱ። በአሥመራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አለ። ጉባኤው ሲከፈት የዙፋኑን ንግግር ያነባል፤ የወጡትን ሕጎች ያውጃል። አንድ ሕግ የፌዴራሉን ሥልጣን የሚነካ ከመሰለው ጉባኤው ዳግመኛ እንዲያየው ይመልሰዋል። ጉባኤው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግሞ ካጸናው ግን ሕግ ይሆናል። ሥራ አስፈጻሚውን የሚመርጠው ጉባኤው ነው፤ የመጀመሪያው ተመራጭ አቶ ተድላ ባይሩ ነበሩ። ፓርቲ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። እንደራሴው ዘውዱን ይወክላል፤ ግብር አይጥልም፣ ሚኒስትር አይሾምም።

የመጀመሪያው እንደራሴ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ነበሩ። የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባል፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ናቸው። መጋቢት 1947 በጉባኤው ፊት ቆመው ያደረጉት ንግግር የዚህ ታሪክ ማጠፊያ ነው። ለእንደራሴው ጽሕፈት ቤት «የውስጥ ጉዳይ» እና «የውጭ ጉዳይ» የሚባል ልዩነት እንደሌለ፣ ወደፊትም እንደማይኖር አስታወቁ። ትርጉሙን ለመረዳት ሕገ መንግሥት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ዘውዱ ይነግሣል ብቻ ሳይሆን ይገዛል ማለት ነው። በዚያው ዓመት አቶ ተድላ ሥልጣን ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት ቢትወደድ አስፍሓ ወልደ ሚካኤል የእንደራሴው ምክትልም ነበሩ። ክብሩን የሚወክለው ጽሕፈት ቤትና ሥራውን የሚያስፈጽመው ጽሕፈት ቤት በአንድ ሰው ላይ ተደረቡ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥነ ሥርዓት ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ።

ከዚያ የተከተለውን ሠላሳ ዓመት ጦርነት ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነቱ ብዙ ምክንያት አለው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ዘውዱ ተገድቦ መቀመጥን አለመቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በእኔ ዓይን ይህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የሚያሳዝነው ምዕራፍ ነው፤ ምክንያቱም ሙከራው ወረቀት ላይ አልቀረም ነበር።

1948–1953፦ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትና የደሞዝተኛው ንጉሥ አዋጅ

አሥመራ ውስጥ ሕዝብ መርጦ አዲስ አበባ ውስጥ የማይመርጥበት ሁኔታ ሊቆይ አይችልም ነበር። ከፌዴሬሽኑ በኋላ የ1923ቱ ሕግ ከኤርትራው ጎን ሲቆም አርጅቶ ታየ። በጥቅምት 1948፣ በዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል፣ 131 አንቀጾች ያሉት የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ለዚያው በዓል የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ይህን ሕንፃ አትርሱት፤ ታሪኩ ሲያልቅም እዚያው እንመለሳለን።

አዲሱ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ወንድም ሴትም የሕግ መምሪያውን አባላት እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ተደረገ። የ1923 ዕዳ የተከፈለ መሰለ። ነገር ግን ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሾመውና የሚሻረው በንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለዙፋኑ ነው። ቅብዓ መንግሥትና የማይነካ ሥልጣን የሚለው አንቀጽም በቦታው ቀረ። ሕዝቡ መረጠ፤ የመረጠው ምክር ቤት ግን መንግሥት የማቆምም የመጣልም ሥልጣን አልነበረውም።

ታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን እየጎበኙ ሳለ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ታኅሣሥ 5 ቀን ከሬዲዮ የተሰማው ድምፅ የአልጋ ወራሹ ነበር። አዲስ መንግሥት መቋቋሙን፣ እርሳቸውም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደሞዝ ሕዝቡን ለማገልገል መስማማታቸውን አነበቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር የተባሉት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ያን ጽሑፍ ወደው ነው ተገደው ያነበቡት? ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ሰይፍ የመዘዙት መኮንኖች እንኳን ዘውዱ ይጥፋ አላሉም። የጠየቁት ዘውዱ ደሞዝ እንዲቆረጥለት ነበር። ደሞዝ የሚበላ ሰው አሠሪ አለው፤ በዚያ አዋጅ አሠሪው ሕዝቡ ነበር። በኢትዮጵያ በሬዲዮ የተነገረ የመጀመሪያው የሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ጥያቄ ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በሦስት ቀን አለቀ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆነው ቀሩ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። አማፅያኑ ከመሸነፋቸው በፊት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የታገቱትን ሹማምንት ረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ ውስጥ ነበሩ። ጄኔራል መንግሥቱ በመጋቢት ተሰቀሉ። ገነተ ልዑል ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ስድስት ኪሎ ያን ሕንፃ የገባ ሰው ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ያያል። ግቢው ላይ ደግሞ ፋሺስቶች የአገዛዛቸውን ዓመታት እየቆጠሩ ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ በአናቱ ላይ ከነፃነት በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። ደረጃው የተሠራው በሌላ ሰው ነው፣ አናቱ ላይ ያለው ግን የኛ ምልክት ነው።

ከግርግሩ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄውን ለመመለስ ሰፊ ጊዜ ነበራቸው። የተደረገው ጥቂት ነው። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። በጎ እርምጃ ነበር፤ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ለምክር ቤቱ ተጠሪ አልሆኑም። ሥልጣኑ ከዙፋኑ አልተለየም።

የካቲት 1966–መጋቢት 1967፦ ሕገ መንግሥት የሌለው ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ

በየካቲት 1966 አመፁ ሲነሣ የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን የካቲት 21 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት ሲጠበቅ የነበረውን ቃል ተናገሩ፤ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንዲሆን ጉባኤ ይጠራል አሉ። አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሥራውንም ሠራ። በነሐሴ የቀረበው ረቂቅ ዘውዱን አስቀርቶ አስተዳደሩን ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት ፊት ለሚጠየቅ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሰጥ ነበር።

ይህን ረቂቅ ሳስብ ይቆጨኛል። በ1948 ወይም በ1954 ቢመጣ ኖሮ የአገሪቱ መንገድ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1966 ክረምት ግን ወረቀቱን የሚጠብቅ ክንድ አልነበረም። የወሎ ረኃብ ሕዝቡን አስቆጥቷል፤ ከየጦር ክፍሉ የተውጣጣው ደርግ ሹማምንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። በዚያው ነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱና የዙፋን ችሎቱ ፈረሱ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የረኃቡ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ጠዋት መኮንኖች ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብተው የመውረጃውን ጽሑፍ አነበቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ግቢ የወጡት በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው ነው፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር።

ያን ዕለት የወጣው የደርግ አዋጅ ቁጥር 1 ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዘውዱን አልሻረም። ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ምክር ቤቱን በተነ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ግን ከሕክምና ሲመለሱ «ንጉሥ» ሆነው ዘውድ እንዲጭኑ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን ንጉሥ። በአገሪቱ አስተዳደርና ፖለቲካ ሥልጣን የማይኖራቸው የአገር ራስ።

አልጋ ወራሹ በ1965 ስትሮክ መትቷቸው ለሕክምና ወደ አውሮፓ ሄደው እዚያው ነበሩ። በሚያዝያ 1966 አባታቸው የእርሳቸውን ልጅ ዘርዓ ያዕቆብን ለአልጋው ተተኪ አድርገው ሰይመው ነበር። አሁን ደርግ አስፋ ወሰንን መልሶ ጠራቸው። ታኅሣሥ 1953 በደሞዝ ሊያገለግሉ ነበር የተባለው፤ መስከረም 1967 ደግሞ ሥልጣን ሳይኖራቸው ይንገሡ ተባለ። ልዩነቱን ልብ ማለት ያሻል። ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ሥልጣኑን የሚያጣው ሥልጣኑ በሕግ ለሌላ አካል ስለተሰጠ ነው። አዋጅ ቁጥር 1 ግን ሕገ መንግሥቱንና ምክር ቤቱን አጥፍቶ ንጉሡን ብቻ አስቀረ። ለማን ተጠሪ የሆነ መንግሥት ባለበት አገር ነው ንጉሡ የሚነግሡት? አልጋ ወራሹ አልተመለሱም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞ ሹማምንትንና መኮንኖችን ረሸነ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን አብረው ተገደሉ። የደርጉ ሊቀ መንበርና የአገሪቱ መሪ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት ሞቱ። አልጋ ወራሹ ግድያውን በቢቢሲ አወገዙ። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዘውዱ በአዋጅ ተሻረ፤ የልዑልና የመኳንንት ማዕረጎችም አብረው ተሻሩ። ከመስከረም 2 እስከ መጋቢት 12 ባለው ከስድስት ወር ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ኢትዮጵያ በሕግ ንጉሥ ነበሯት፤ ዙፋኑ ላይ ግን አልተቀመጡም። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በደርግ እጅ ሳሉ ሞቱ።

አልጋ ወራሹ በ1981 ለንደን ላይ በስደት ቀዳማዊ አምኃ ሥላሴ ተብለው ነገሡ፤ በኋላ ወደ አሜሪካ ቨርጂኒያ ተዛወሩ። በጥር 1989 እዚያው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገር መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በሕይወት ዙፋን ላይ ሳይቀመጡ አገራቸው የገቡት እንዲህ ነው።

1967–1983፦ ሁሉም በአንድ እጅ

ስለዚህ ዘመን ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ዘውዱ ከተሻረ በኋላ ክብርና ሥልጣን ይለያሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። በኅዳር 1967 የደርጉ ሊቀ መንበር ሆነው የተሾሙት ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ገባ። በጥር 1979 ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎና ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረው። ፕሬዚዳንቱ ግን ርዕሰ ብሔርም፣ የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥም፣ የፓርቲው ዋና ጸሐፊም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ የሥራ ኃላፊ እንጂ ባለሥልጣን አልነበሩም። ከ1923 ጀምሮ ስመለከተው፣ በአንድ ሰው ላይ እንዲህ የተከመረ ሥልጣን አይቼ አላውቅም። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳን ቤተ ክርስቲያኑን፣ መኳንንቱንና ወጉን መፍራት ነበረባቸው።

1987–2017፦ ዘውድ የሌለው ርዕሰ ብሔር

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የ1966ቱ ረቂቅ ሊያደርግ ያሰበውን ያለ ዘውድ አደረገው። የመንግሥቱ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። የሥራ አስፈጻሚነቱን ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል፤ የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም።

ሥራው በአንቀጽ 71 ተዘርዝሯል። ምክር ቤቶቹን ይከፍታል፣ ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጡ ያደርጋል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት አምባሳደሮችን ይሾማል፣ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኒሻን ይሰጣል፣ ይቅርታ ያደርጋል። ከሁሉ ይልቅ የቦታውን ልክ የምታሳየኝ ግን አንቀጽ 57 ናት። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ይፈርማል፤ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። በአሥመራ የነበረው እንደራሴ እንኳን ሕግ ዳግመኛ እንዲታይ መመለስ ይችል ነበር። ይህ ፊርማ ያንን አይችልም። ምሥክርነት እንጂ ፈቃድ አይደለም።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የቦታው ጠባብነት ወዲያው ገጠማቸው። ከገዢው ፓርቲ ጋር በ1993 ተለያዩ፤ የሥራ ዘመናቸውም በ1994 መጀመሪያ አበቃ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ውጭ ሆኖ እንዲቆይ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እርሳቸው ግን በ1997 በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፤ በዚህም ምክንያት የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ጥቅማቸውን አጡ። እዚህ ያለው ጥያቄ ከአንድ ሰው ጡረታ ይበልጣል። ከፓርቲ በላይ እንዲሆን የተሠራ ሥልጣን በፓርቲ አመዳደብ ሲሞላ፣ «ከፓርቲ በላይ» የሚለው ግዴታ የሚጠናው ሰውየው ከወረደ በኋላ ሆነ።

ቀጥለው የመጡት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። በታሪካችን የሁለቱ ዘመን ድልድይ አድርጌ የማያቸው እርሳቸውን ነው። በ1950ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ርዕሰ ብሔር ሆነው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፤ የቮልስዋገኗ ጉዞ በተጀመረበት ግቢ ማለት ነው። በግንቦት 2003፣ የሃይማኖት አባቶች ከለመኑ በኋላ፣ በሞት የተቀጡ 23 የደርግ ባለሥልጣናትን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት አወረዱ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤት የተቀመጡት ሰው ንጉሠ ነገሥቱን ላወረዱት የይቅርታ ወረቀት ፈረሙ። ለዚህ ቦታ የተሰጠው ሥልጣን ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ግን የፊርማው ክብደት ተሰማ።

ከእርሳቸው በኋላ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በ2006 ተመረጡ። በጥቅምት 2011 ሲለቁ አምባሳደር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ተተኩ፤ ከንግሥት ዘውዲቱ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የአገር ራስ። መስከረም 27 ቀን 2017 ሰኞ ዕለት ደግሞ አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉትም መስከረም 27 ቀን ነበር።

ሰኞ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን የዓመት የሥራ ጊዜ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምክር ቤቱ የሚከፈተው በዘውዱ በዓል በጥቅምት 23 ነበር፤ የዙፋኑን ንግግር የሚያነቡትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ያነበቡትን የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዛሬ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥቱን የዓመት ዕቅድ ቆመው ያነባሉ፤ አባላቱ ያጨበጭባሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ይወጣሉ። ከቀናት በኋላ በዚያ ንግግር ላይ የድጋፍ ሞሽን ይቀርባል፤ አባላቱ ይጠይቃሉ፤ መልስ ለመስጠት የሚቆመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።